ፕላስቲክ የሌለበት ቤት

ሶፋ ሠሪው ከመኝታቸው ተነስተው ወደ ሳሎን ሲወጡ የሰው ቤት የገቡ መሰላቸው። በመስኮቱ ሥር የሚቆመው የልጅ ልጃቸው ወንበር የለም። ወለሉ ላይ ሁልጊዜ የሚነጠፈው ባለ አበባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተነስቷል፤ ሲሚንቶው ራቁቱን ቀርቶ ዓይን ያሳፍራል። ጀሪካኑ የለም፣ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ የለም፣ የመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ እንኳ ከነቀለበቱ ተነቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጠርዛቸው ወርቃማ ቀለም የተቀባ የብርጭቆ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ትልቅ እንግዳ ካልመጣ ከሳጥን የማይወጡ ዓይነት። ሌባ ገባ እንዳይሉ፣ ሌባ ሳህን አምጥቶ አይሄድም። እንዲያው ግራ ገብቷቸው አንዱን ሳህን አንስተው አገላበጡት፣ አንዳች እንዳይሆንባቸው ፈርተው ቀስ ብለው መለሱት።

ከኩሽና የልጃቸው ድምፅ ይሰማል። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ነው የምታወራው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ወንበሩንም አውጥቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ አይደል እንዴ የምትውለው… አይ፣ ለአባዬስ አልነገርኩትም። ይቀየመኛል።" ሽማግሌው ይህን ሰምተው ባሉበት ቆሙ። ከዚያ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ መኝታ ቤታቸው ተመለሱና፣ ገና አሁን የነቁ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ጫማቸውን እየጎተቱ እንደገና ወጡ። በዚያ ቤት ሰው የሰማውን ነገር እንዲህ ነበር የሚደብቀው። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ አንዱ ሌላውን እንዳያሳቅቅ እየተጠነቀቀ ዝምታው ተጠራቅሞ ነው።

ወንበሩ የእጃቸው ሥራ ነው። ሶፋ ሠሪው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሶፋና የመኪና ወንበር ሲያለብሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መርፌና ክር ያነሱት ለዚህች ልጅ ነበር። ልጅቷ ስትወለድ አንጎሏ ላይ በደረሰ ጉዳት ሰውነቷ አይታዘዛትም፤ ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። አንገቷ ይዝላል፣ እጇ ወዳልጠራችው ይሄዳል፣ ስትቀመጥ ካልተደገፈች እንደ ዱቄት ከረጢት ወደ ጎን ትንሸራተታለች። እናም አያትየው ስፖንጁን በየቦታው በየልኩ እየቆረጡ፣ ለጭንቅላቷ ጉድጓድ፣ ለጎኖቿ ክንፍ፣ ለጭኗ መለያ አበጅተው፣ ላዩን በቀላሉ እንዲጠረግ ብለው ቆዳ በሚመስል ቀይ የፕላስቲክ ጨርቅ አለበሱት። እዚያ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቀጥ ብላ በመስኮቱ መንገዱን ታያለች፣ በዓይኗ ታዛለች፣ ያልተመቻት ነገር ካለ "እእ" ትላለች። በዚህ ነው አያትየው አለቃ ብለው የሰየሟት። "ጡረታ ወጣሁ ስል ሌላ አለቃ መጣብኝ" እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ፤ ሲያወሩት ደግሞ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል።

ወሬው የጀመረው ከሆስፒታል ነው። አለቃ ሰውነቷን ለማፍታታት የምትሄድበት ክፍል ውስጥ አንዲት አጥኚ መጥታ እናቶቹን ስታነጋግር ነበር። ፕላስቲክን ለስላሳ ለማድረግ የሚጨመሩ ነገሮች አሉ፣ እነሱም በምግብና በቆዳ በኩል ትንሽ ትንሽ ወደ ሰው ገላ ይገባሉ አለች፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ዘንድ ምን ያህል እንደሚገባ ማወቅ እንፈልጋለን፣ አንድ ቀን እንደወትሯችሁ ዋሉልንና ማታ ላይ መጥቼ ከልጅቷ ሽንት ትንሽ እወስዳለሁ፣ ስለ ውሏችሁም እጠይቃችኋለሁ አለች። እናትየው ያኔ በደስታ ነበር እሺ ያለችው። ቤት ስትገባም "የኛ ልጅ ለጥናት ተመረጠች" ብላ እንደ ሽልማት አውርታዋለች። ቀኑ ዛሬ ነው። በመካከል ምን እንደገባ ግን አያትየው አያውቁም፤ የሚያውቁት ልጃቸው ከሰሞኑ ዝም ማለቷንና ምግብ መግፋቷን ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ በነዚህ ብቻ ነው የምታበላት" አለች እናትየው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ናት፤ በጠዋት ካልገባች የሰው ልብስ ይቆለልባታል።

"ወንበሯስ?"

"ለጽዳት ነው ያወጣሁት።" ዓይናቸውን ላለማየት የበሩን መቀርቀሪያ ታገለች። "ለዛሬ አልጋው ላይ ትራስ ደግፍላት።"

ወንበሩን ትናንት ማታ ነው ራሳቸው በእርጥብ ጨርቅ የወለወሉት። "እሺ" አሉ ሽማግሌው፣ ሌላ ሊሉ የነበረውን ዋጥ አድርገው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አያትየው ኋላ ላይ ሲያወሩት ይስቁበታል፤ ሲሆን ግን የሚያስቅ አልነበረም። ትራስ በግራ ሲደግፉ አለቃ በቀኝ ትወርዳለች፣ በቀኝ ሲደግፉ ወደፊት ትደፋለች። ሙዙን ፈጭተው በብረት ማንኪያ ሲያቀርቡላት፣ አፏ ውስጥ አንድ ነገር ሲገባ መንከስ ልማዷ ነውና ጥርሷ ማንኪያው ላይ ቀጭ ሲል የሳቸውም ጥርስ አብሮ ቀዘቀዘ። የወትሮው ማንኪያ ለስላሳ ነው፤ ብትነክሰውም አይጎዳትም። የወትሮው ኩባያም ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ በአፍንጫዋ በኩል በመቀስ ጎደል ተደርጎ ስለተቆረጠ አንገቷን ወደኋላ ሳትጥል ትጠጣበታለች። የዛሬውን ብርጭቆ ግን ቀና ሲያደርጉት አፍንጫዋን ገፋት፣ ሲያጋድሉት ወተቱ አንገቷ ሥር ገባ። አለቃ ወደ መስኮቱ ሥር፣ ወንበሩ ወደሚቆምበት ባዶ ቦታ ተመለከተችና "እእ" አለች።

"እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ፣ አለቃ?" አሉ አገጯን እየጠረጉ። "እኔም እንዳንቺው ታዛዥ ነኝ። ከላይ ትእዛዝ መጥቶ ነው።"

ምሳ ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ድንችና ካሮት ቀቅለው በሹካ ፈጭተው፣ ልጅቷን በክንዳቸው ደግፈው ሁለተኛውን ጉርሻ ሲሰጧት ትራሱ ሸሸና ጭንቅላቷ ወደኋላ ተጣለ። ምግቡ በማይሆን መንገድ ሄደባት። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ፣ ሳሉ ደግሞ እንደ ልቡ አልወጣ አለ። አያትየው ወደፊት አጎንብሰዋት ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ፤ በመጨረሻ የካሮቱ ቁራጭ እጃቸው ላይ ወጣና አየሩን ሳብ ስታደርግ ሰሟት። ለረጅም ጊዜ ደረታቸው ላይ አቅፈዋት ተቀመጡ። የሷ ልብ ቶሎ ሲረጋ የሳቸው አልረጋ አለ። "በቃ" አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ። "ለጥናት ብዬ ልጅ አላንቅም።"

ወንበሩ የት እንዳለ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሕንፃ ላይ ባለ ወርቅ ጠርዝ ሳህን ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እላይ ፎቅ ላይ ያሉት ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤት። አለቃን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ የደረጃውን መደገፊያ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ደረጃውን ወጡ።

ጎረቤቲቱ በሩን ሲከፍቱ ከኋላቸው ያለው ክፍል ዕቃ የሚራገፍበት መጋዘን ይመስል ነበር። ጀሪካኑ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። የተጠቀለለው የወለል ላስቲክ እንደ ረጅም እንግዳ ጥግ ላይ ቆሟል። ሳፋው ውስጥ ሳፋ፣ በሱ ውስጥ ኩባያና ማንኪያ፣ ጁስ መፍጫው፣ አለቃ የምታኝከው የላስቲክ ቀለበት። መሀል ላይ ደግሞ አንሶላ የተከናነበው ወንበር።

"ይግቡ፣ ጋሼ፤ መቀመጫ ካገኙ" አሉ ጎረቤቲቱ። "ቤቴ ሱቅ ሆኖልዎታል። ከፊት ለፊት ያለችው ሴትዮ ገብታ ሳፋው ስንት ነው አለችኝ። ልሸጥላት ምንም አልቀረኝ።"

"ወንበሩን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ። ልጅቷ ምሳ ላይ ልትታነቅብኝ ነበር።"

ከሴትዮዋ ፊት ላይ ሳቁ ጠፋ። አለቃን ተቀብለው አቀፏት፣ ጀሪካኑን በክርናቸው ገፍተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የልጅቷን ፀጉር እያስተካከሉ "አደራ ብላኝ ነበር" አሉ። "ቃሌን መብላቴ ነው፤ ግን እርስዎ ካላወቁት ማን ሊያውቀው ነው? ሥራ ቦታዋ ያለች አንዲት ሴት፣ ጥናቱን ስታወራላት ሰምታ፣ 'እንግዲያውማ ልጅሽን እንዲህ ያደረጋት ፕላስቲኩ ነዋ፤ ባይሆን ለምን ይመረምሩታል' አለቻት። አራስ ሳለች ወተቱን በፕላስቲክ ጡጦ ታሞቅላት አልነበር? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ዛሬ ሽንቷ ውስጥ ካገኙት፣ እኔው በእጄ ነኝ ያበላሸኋት ማለት ነው ብላ፣ ትናንት እዚህ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕቃውን ስናወጣ እኔም እያዘንኩላት ነው የተሸከምኩት።"

አያትየው አንሶላውን ከወንበሩ ላይ ገፈው በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እስከዚያች ደቂቃ ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረች፤ የእጄ ሥራ አሳፈራት የምትል። ያቺ ቅሬታ ሄደች። በምትኩ የመጣባቸው ያን የወሊድ ቀን በር ላይ ቆመው የሰሙት ነገር ነው። እናትየው ያኔ ራሷን ስታ ነበር። ልጅቷ ስትወጣ መተንፈስ እንዳቃታት፣ ሐኪሞቹ ለረጅም ጊዜ እንደታገሉላት ለሳቸው ነግረዋቸዋል። ለልጃቸው ግን "ትንሽ ተቸግራ ነበር" ከማለት አልፈው ተናግረው አያውቁም፤ ቁስሏን አልነካካ ብለው ነው። እሷም አልጠየቀችም። እነሆ ባዶ የተተወው ቦታ ላይ የማታውቀው ሴት መጥታ የፈለገችውን ሞላችበት።

ወንበሩን አያትየው በመደገፊያው፣ ጎረቤቲቱ በእግሮቹ ይዘው ወደ ታች አወረዱት። አለቃ መጀመሪያ ሶፋ ላይ በትራስ ታጥራ ጠበቀች፤ ኋላም በጎረቤቲቱ ክንድ ተከትላ ወረደች። ማንኪያዋና ኩባያዋም መጡ። ጭንቅላቷ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያርፍ፣ ማሰሪያው ወገቧ ላይ ሲጠብቅ፣ ትከሻዋ ፈታ ሲል አያትየው በዓይናቸው አዩት። ድንቹን ከነካሮቱ እስከ ሳህኑ ወርቅ ጠርዝ ድረስ ጠርጋ በላች። ወተቷን ሳይፈስ ጠጣች። ከዚያም ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ጉልበቷ ላይ አርፎ፣ የላስቲክ ቀለበቷን በጥርሷ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ጎረቤቲቱ አጠገባቸው ቆመው "ምን አለ እኔንም እንዲህ ያለ ቢሠሩልኝ" አሉ፤ "ወገቤን የሚስማማው መቀመጫ አጥቻለሁ" ብለውም አከሉ። አያትየው "ለእርስዎማ ስፖንጁ አይበቃም" ሲሏቸው ትከሻቸውን በጥፊ መሰል ነገር ነካ አደረጓቸውና ወደ ቤታቸው ወጡ።

እናትየው ከሥራ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም፤ አጥኚዋን ሕንፃው በር ላይ አግኝታት አብረው ገቡ። መጀመሪያ ያየችው ወንበሩን ነው። ከዚያ አባቷን አየች። አጥኚዋ ወጣት ናት፤ ትከሻዋ ላይ ቀዝቃዛ ሣጥን አንጠልጥላ፣ ሁለቱ የተያዩትን ሳታስተውል ቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄዳ ጎንበስ አለች። አለቃ ነቅታ ከላይ እስከ ታች መረመረቻት።

"እኔ ነኝ የምመረመረው ማለት ነው?" አለች አጥኚዋ እየሳቀች።

"አለቃ ናት፤ የሚገባውን ሰው ሁሉ ታጣራለች" አሏት አያትየው።

አጥኚዋ ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን አወጣች። ዛሬ እንደወትሯችሁ ነው የዋላችሁት ብላ ስትጠይቅ እናትየው አዎ አለች። በምን በላች ስትባል ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። አጥኚዋ ባለ ወርቅ ጠርዙን ሳህን፣ ቀጥሎም በአያትየው እጅ ውስጥ የቀረውን፣ ጠርዙ የተቆረጠውን የፕላስቲክ ኩባያ አየች። ምንም አልጻፈችም። ባዶው ወለል ላይ ላስቲኩ የነበረበት ቦታ በዙሪያው ካለው ይልቅ ነጣ ብሎ፣ ልኩን ጠብቆ ይታያል።

"ልጄ" አሉ አያትየው፣ ለገዛ ልጃቸው ነው። "ወንበሩን ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ። የምትፈሪውን ነገር ጠይቂያት። እዚሁ ተቀምጣልሽ።"

እናትየው አንሶላ ሲተኩስ የዋለ እጇን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። "ደብቄ ነው" አለች በመጨረሻ። "ሁሉንም እላይ ቤት ነው ያስቀመጥኩት። ሕፃን ሆና ወተቷን በፕላስቲክ ጡጦ አሞቅላት ነበር። እሱ ነው እንዲህ ያደረጋት? እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ። እኔ ነኝ?"

አጥኚዋ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ መለሰች። ወንበሯን ስባ ተጠጋቻት።

"አይደለሽም" አለች። "ካርዷን አይቼዋለሁ። ስትወለድ አየር አጥሯት ነው አንጎሏ የተጎዳው። ያኔ ገና ጡጦ አፏን አልነካም።"

"ታዲያ ለምን ትመረምሩታላችሁ?"

"የበሽታዋን ምክንያት ፍለጋ አይደለም። አጥርቼ ሳልነግርሽ ቀርቼ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላ ልጅ ጡጦውን ጥሎ፣ በፈለገው ዕቃ በልቶ፣ ሮጦ ይሄዳል። እሷ ግን ስታድግም ለስላሳ ማንኪያ፣ ለስላሳ ኩባያ፣ ዳይፐር፣ ይሄ ሁሉ አይለያትም። ስለዚህ ከሌላው ልጅ ይልቅ እሷ ዘንድ ይበዛ ይሆን? ምን ያህልስ ይጎዳል? ገና አናውቀውም። በዝቶ ካገኘነው፣ እነዚህን ዕቃዎች ለሚሠሩት ሰዎች በሌላ ነገር ሥሩት የምንለው በሱ ነው። ጥያቄው ለነሱ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።"

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ለረጅም ጊዜ ይዛ እንደቆየች ሰው ቀስ ብላ ለቀቀችው፤ ከዚያ ራሷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አያትየው ወደ መስኮቱ ዞረው መንገዱ ላይ አንዳች የሚያዩት ነገር እንዳለ ሁሉ ቆሙ። አጥኚዋም "ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም" አለች። "ባለፈው አንድ ቤት ስሄድ የሽንቱን ብርጭቆ ሪባን አስረውለት ጠበቁኝ።" እናትየው ራሷን ሳታነሳ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ከልቅሶ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዋን ሲያስጠርጋት፣ አለቃ ምኑ እንደሆነ ባታውቅም የሚሳቅ ነገር ስለማያልፋት አብራ ሳቀች።

አጥኚዋ የዛሬውን ሽንት አልወሰደችም፤ በሳምንቱ ልመለስና ያን ቀን የእውነት እንደወትሯችሁ ዋሉ አለች። ከዚያ በኋላ ግን ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ ብላ ነገረቻቸው። ወተቱን በብረት ድስት አሙቆ፣ ለብ ሲል ወደ ኩባያው መገልበጥ። ትኩስ ምግብ ፕላስቲክ ውስጥ አለማሳደር። ወንበሩንም ለብዙ ሰዓት በባዶ ቆዳዋ ከመንካት ጥጥ ነገር ማልበስ። "ወንበሩን ግን እንዳትጥሉት፤ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ነው ምግቡ በደህና የሚወርድላት" ስትል አያትየው ከመስኮቱ ዞሩ። ጥጡ ወፍራም ነው ቀጭን፣ ማሰሪያው ከሥር ይሁን ከኋላ፣ ለማጠብ እንዲወልቅ በዚፕ ይሻላል በአዝራር እያሉ ያወጡ ያወርዱ ጀመር። አጥኚዋ እሱን እርስዎ ያውቁታል ብላ እጃቸውን ጨብጣ ወጣች።

ፀሐዩ ከመስኮቱ ሊወርድ ሲል ጎረቤቲቱ ጀሪካኑን በአንድ እጅ፣ ሳፋውን በሌላ እጅ ይዘው፣ ላስቲኩን በብብታቸው ወትፈው መጡ። "ሱቁ ተዘግቷል" አሉ። "ሳህኔን አምጪ።" እናትየው ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጣቸው ጎረቤቲቱ ፊቷን አዩት። ጉንጯን ብቻ ነካ አድርገው ሄዱ። ላስቲኩ እንደገና ተዘረጋ፣ መጋረጃው ቀለበቱ ውስጥ ገባ። እናትየው ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን እራት ሳትገፋ በላች፤ ከዚያም የአለቃን ወተት በድስት አሙቃ፣ ለብ እስኪል ጠብቃ፣ ኩባያውን ይዛ ወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"አባዬ" አለች ኩባያውን ወደ ልጅቷ አፍ እያስጠጋች። "ያን ቀን በር ላይ ነበርክ አይደል?"

አያትየው የወንበሩን ክንፍ በስንዝር ሲለኩ እጃቸው ቆመ። "ነበርኩ።"

"ምን ሰማህ?"

መጀመሪያ ያዩት ወለሉን ነው፤ ከዚያ ግን መጥተው አጠገቧ፣ ላስቲኩ ላይ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተቀመጡ። ነገሯት። ሰዎች በኮሪደሩ ሲሮጡ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው እስከዛሬ ከሰሙት ዝምታ ሁሉ የረዘመ እንደነበር። አንዲት ነርስ ወጥታ እየታገሉላት ነው እንዳለቻቸው። እናትየው ኩባያውን ሳታዛንፍ እየሰማች ነበር። "ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያማ ድምፅዋን ሰማሁ።"

"አለቀሰች?"

"ለቅሶስ አይባልም። ሰው ከልቡ የተቀመጠበት አሮጌ ሶፋ፣ ስፕሪንጉ ሲለቅ እንደሚለው ነው።" ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ በቀጭኑ፣ "እ-ኝ-ኝ-ኝ" አሉ።

አለቃ መጠጣቷን አቆመች። ዓይኗ አያቷ ላይ ተተከለ። ከዚያ ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ እግሯን አወራጨው፣ ወተቱ በአገጯ ወረደ፣ እጇ ሄዶ የእናቷን ፀጉር ያዘ። ይደገም ማለቷ ነበርና አያትየው ደገሙት፤ ሳቋ ባሰ። ለሦስተኛ ጊዜ አፋቸውን ሲከልሉ ግን እናትየው ቀደመቻቸው።